የጎርፍ ሰዋስው

“በደረሰው የጎርፍ አደጋ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ንብረት ወደመ።” ይህን ዓረፍተ ነገር የትኛው ጋዜጠኛ እንደጻፈው መፈለግ ዋጋ የለውም። የሁሉም ነው። ከተማውንና ቀኑን ብቻ እየቀያየሩ ዕድሜ ልካችንን ሲያነቡልን ኖረዋል። እኛ ኮድ የምንጽፍ ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር ቴምፕሌት እንለዋለን፤ ባዶ ቦታዎቹን ትሞላለህ፣ የቀረው ራሱ ይወጣል።

ግሶቹን ብቻ ነጥላችሁ እዩአቸው። ደረሰ። ጠፋ። ወደመ። ከሦስቱ አንዱም አድራጊ የለውም። አደጋው እንደ ባቡር “ደረሰ”፣ ሕይወት እንደ ቁልፍ “ጠፋ”። አማርኛ በግስ ድሃ ስለሆነ እኮ አይደለም። ትምህርት ቤት አድራጊ፣ ተደራጊ፣ አስደራጊ እያልን የሸመደድነው ቋንቋ ነው፤ ገደለ፣ ተገደለ፣ አስገደለ ብሎ በአንዲት “አስ” እጁን ያስገባውንና ከኋላ ቆሞ ያዘዘውን ይለያል። ይህን ሁሉ መሣሪያ የያዘ ቋንቋ ስለ ጎርፍ፣ ስለ ድርቅ፣ ስለ ሙቀት ሲናገር ለምን ድንገት አድራጊ ያጣል? እዚህ የምተቸው ያንን ነው። ስለ አየር ንብረት በአማርኛ የተጻፈ ጥሩ ግጥም ወይም ልብ ወለድ መተቸት ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን አብዛኛው ሰው ስለ አየር ንብረት በአማርኛ የሚያነበው ነገር ዜና፣ መግለጫና ባነር ነው። ስለዚህ ባነሩንም እንደ ጽሑፍ እናንብበው።

በሥራዬ አንድ ሲስተም ሲወድቅ በማግስቱ ተቀምጠን ፖስት ሞርተም እንጽፋለን፤ ምን ሆነ፣ ለምን ሆነ። “ተጠቃሚ በዛ፣ ሰርቨሩ ወደቀ” ብሎ የመጣ ሰው ወረቀቱ ይመለስለታል። ተጠቃሚ መብዛቱማ ይታወቃል፤ በበዓል ሰሞን ሁልጊዜ ይበዛል። ጥያቄው ሌላ ነው። ለምን አንድ ሰርቨር ብቻ ኖረ? ማስጠንቀቂያው ለማን ደወለ? ያ ሰው ለምን አልሰማም? ዝናብ ለጎርፍ፣ ተጠቃሚ ለሰርቨር እንደማለት ነው። መነሻ ነው፣ ምክንያቱ ግን ገና አልተነገረም።

አሁን ወደ ደቻቱ እንሂድ። ድሬን ለማያውቁ፦ ደቻቱ ከተማችንን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ነው፤ ግን በዓመት ውስጥ አብዛኛውን ቀን ውሃ የለውም። አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ገበያም ይቆምበታል። በአንድ ወገን ከዚራ አለ፤ ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ሲደርስ ለኩባንያው ሰዎችና ለውጭ ዜጎች በመስመር በመስመር የተነደፈ፣ ዛፍ የተተከለለት ሰፈር። በሌላው ወገን መጋላ፤ ገበያው፣ ጠባብ መንገዱ፣ ሕዝቡ። በሁለቱ መካከል ያለውን አሸዋ ማንም አልነደፈውም። ያልተነደፈ መሬት ደግሞ ለማን እንደሚደርስ ታውቃላችሁ።

ውሃው የሚመጣው ከድሬ ሰማይ አይደለም። ከላይ፣ ከደንገጎና ከሐረርጌ ደጋ ነው። ከተማዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ተኝታለች፤ ተራራው ከ2,000 ሜትር በላይ ይቆማል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት አጭር፣ ቁልቁለቱ ኃይለኛ ነው። ደጋው ላይ የዘነበ ዝናብ ደረቅ አሸዋ ላይ የተኛን ሰው በሰዓታት ውስጥ ያገኘዋል፤ የተኛው ሰው ደግሞ ከራሱ በላይ ኮከብ ሊያይ ይችላል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የሆነው ይህ ነው። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ብዙዎች ደብዛቸው ጠፋ፣ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። በቀጣዩ ሳምንት የኦሞ ወንዝ ደቡብ ኦሞ ውስጥ ሞልቶ ከ300 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ አገሩ ሁሉ አንዱን ለቅሶ ሳይጨርስ ሌላ ጀመረ። እኔ ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ቤታችን ሳቢያን በኩል ስለሆነ ውሃው አልደረሰብንም። የማስታውሰው ጠዋት ላይ ትልልቅ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የተባለውን ሰብስቡት፤ ሁለት ነገር ታገኛላችሁ። አንደኛው የእግዜር ቁጣ፣ ሁለተኛው የተፈጥሮ አደጋ። ሁለቱ የተለያዩ ይመስላሉ፤ አንዱ የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ሌላው የቢሮ ቋንቋ። ሰዋስዋቸው ግን አንድ ነው። በሁለቱም አድራጊው ሊጠየቅ የማይችል ነው። እግዜርን ከሚል ሰው ጋር ጠብ የለኝም፤ ቢያንስ እሱ አድራጊ አስቀምጧል፣ ራሱንም “በኃጢአታችን” ብሎ ከተጠያቂዎቹ ጋር ደምሯል። የቢሮው ዓረፍተ ነገር ግን ማንንም አይደምርም።

አሸዋ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡ አንዲት እናት ስለዚያ ሌሊት ስጠይቃቸው የነገሩኝ ከሁሉም ይበልጥብኛል። “አቦ ልጄ፣ ወንዙማ መንገዱን ነው የሄደው። እኛ ነን የተኛንበት።” ይህን ዓረፍተ ነገር ለረጅም ጊዜ ይዤው ዞርኩ። ግሶቹ ጤነኛ ናቸው፦ ሄደ፣ ተኛን። ወንዙ አድራጊ ነው፣ ሰውም አድራጊ ነው። ግን እዚህም አንድ የጎደለ አለ። ሰው ወንዝ መንገድ ላይ የሚተኛው ሌላ መተኛ ሲያጣ ነው። ማን ነው ያስተኛቸው? “አስ” የምትለው ፊደል የምትገባው እዚህ ጋ ነው፤ እናትየዋ ግን በትህትናቸው ራሳቸውን አድራጊ አድርገው አስደራጊውን ነፃ ለቀቁት።

ይህ በጎርፍ ብቻ አይደለም። ከድሬ ደንገጎን ወጥታችሁ ወደ ሐረር ስትሄዱ ሐሮማያን ታገኛላችሁ። ሐይቁ በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆኖ ነበር። ምን እንላለን? “ሐይቁ ደረቀ።” ራሱ ደረቀ፣ እንደ ልብስ። ነገር ግን የሐረር ከተማ ለአሥርተ ዓመታት የጠጣችው ከዚያ ነበር፤ ዙሪያውን ያለው የጫትና የአትክልት ማሳ በሞተር ፓምፕ የሚጠጣው ከዚያ ነበር፤ ከተራቆተው ኮረብታ የሚወርደው ደለል የሚተኛውም እዚያው ነበር። ስለዚህ ትክክለኛው ግስ “አደረቁት” ነው፤ ትንሽ ቢከብድም “አደረቅነው”። ከዚያ በኋላ ሐረር ውሃዋን ከታች ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ በፓምፕ ወደ ላይ መሳብ ጀመረች። ውሃ ሽቅብ ሲወጣ ያየ ትውልድ ነን እንግዲህ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሐሮማያ ውሃ ተመልሶበታል፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ ዜናው ሁሉ አድራጊ በአድራጊ ሆነ። ሲደርቅ ራሱ ደረቀ፣ ሲሞላ እኛ ሞላነው።

አድራጊ ማስገባትና ማስወጣት ፖለቲካ መሆኑን ከኛ በፊት የገባቸው ነበሩ። ጆናታን ዲምብልቢ በ1973 እ.ኤ.አ. የወሎን ረሃብ ቀርጾ “ያልታወቀው ረሃብ” ብሎ ለእንግሊዝ ቴሌቪዥን አቀረበ። ደርግ ያንን ፊልም ወስዶ፣ በመካከሉ የቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎችን ሰክቶ፣ ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ ለኢትዮጵያ ሕዝብ አሳየ። ኤዲቲንጉን እንደ ሰዋስው አንብቡት፦ አድራጊ የሌለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ አድራጊ ተሰካ። ሰዎቹ ተርበዋል፤ ያስራባቸው እነሆ። አንዲት ሌሊት በቂ ሆነች። የሚገርመው ግን አሥር ዓመት ቆይቶ በ1977 ረሃቡ በራሱ በደርግ ዘመን ሲመጣ ኦፊሴላዊው ቃል ወደ “ድርቅ” ተመለሰ። ዛሬም ድረስ ብዙዎቻችን “የ77ቱ ድርቅ” ነው የምንለው። በእርሻው መሬት ላይ የነበረው ጦርነትና የግዳጅ ሠፈራው ከስሙ ወጥተዋል፤ ሰማዩ ብቻ ቀርቷል።

ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም ከ1958 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. የነበረውን የገጠር ረሃብ በጂኦግራፊ ዓይን ሲመረምሩ የደረሱበት ነጥብ ይኸው ነው። ድርቅና ረሃብ አንድ አይደሉም። ድርቅ የዝናብ ነገር ነው። ረሃብ ግን ገበሬው ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው እንዳይኖረው ያደረገው ሥርዓት ነገር ነው። አማርትያ ሴንም በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ወሎ ሲጽፍ፣ በአገር ደረጃ የምግብ ምርት ያን ያህል ሳይወርድ ሰው መራቡን፣ የሚገዛበት ያጣ ሰው እህል እያለ እንደሚሞት አሳይቷል። ብርሃኑ ዘሪሁን “ማዕበል”ን ሲጽፍ ደግሞ የመጀመሪያውን ቅጽ “የአብዮት ዋዜማ” ብሎ የወሎን ረሃብ አስገባበት። ርዕሱ ራሱ ክርክር ነው። ረሃቡን የሥርዓት ዋዜማ ያደረገ ደራሲ ሰማዩን ብቻ አይከስም። ልብ ወለድ ከዜና የሚበልጠው እዚህ ጋ ይመስለኛል፤ ገጸ ባሕርይ ስለሚያስፈልገው ግሱን አድራጊ አልባ አድርጎ ገጽ መሙላት አይችልም።

እንግዲህ አሁን አዲስ ቃል መጥቷል፦ “የአየር ንብረት ለውጥ”። ቃሉን ራሱን ትንሽ ልጎርጉረው። “ንብረት” ሥሩ ነበረ ነው፤ አኗኗር፣ ሁኔታ ማለት ነበር፤ ዛሬ ግን ጆሯችን የሚሰማው ሀብትና ዕቃ ነው። “የአየር ንብረት” ሲባል የልጅነት ጭንቅላቴ የማን ንብረት ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ ሳስበው መጥፎ ጥያቄ አልነበረም። “ለውጥ” ደግሞ በኛ አገር ከ2010 ወዲህ ሌላ ፋይል ውስጥ የገባ ቃል ነው፤ እሱን እንተወው። ችግሩ “ለውጥ” ስም መሆኑ ነው። ተለወጠ ነው ወይስ ለወጡት? ስሙ አይነግረንም። ግሱ ስም ውስጥ ገብቶ ተደብቋል።

የለወጡት ግን ይታወቃሉ። በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከሚሊዮን 280 ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። ጭማሪው በዋናነት ከተቃጠለ ድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅና ጋዝ ነው። ከእነዚህ ቃጠሎዎች አንድ አሜሪካዊ በዓመት ከ13 ቶን በላይ ያወጣል፤ አንድ ኢትዮጵያዊ ሩብ ቶን እንኳ አይሞላም። አየር አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር ሊሸከም የሚችለው ተን 7 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ስለዚህ የሚይዘውን ሲጥል በብዛት ይጥላል፤ ሲጠማ ደግሞ ከመሬቱ በብዛት ይጠጣል። ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በአፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ፣ ሳይንቲስቶች አስልተው ደቡብ ኢትዮጵያን ጨምሮ አካባቢው ላይ የደረሰውን የእርሻ ድርቅ የአየሩ መሞቅ ቢያንስ 100 እጥፍ ይበልጥ እንዲከሰት አድርጎታል ብለዋል። ድሮ “አዘነበ” ለሚለው ግስ አድራጊው አንድ ብቻ ነበር፣ ስሙንም ሁላችንም እናውቃለን። አሁን ከጎኑ የኃይል ማመንጫዎች፣ የመኪና ፋብሪካዎችና የነዳጅ ኩባንያዎች ገብተዋል። ሰዋስዋችን ይህን ገና አልለመደም።

ታዲያ ቃሉ እንደ ክስ ሲያስፈልገን እንደ ይቅርታ ተጠቀምንበት። ቦይ ተደፈነ፤ የአየር ንብረት ለውጥ ነው። ወንዝ ዳር ሕንፃ ተፈቀደ፣ ጎርፍ ገባበት፤ የአየር ንብረት ለውጥ ነው። በ2012 ሚያዝያ ድሬን ጎርፍ እንደገና መትቶ ሰው ሲሞት ያው ቴምፕሌት ወጣ፣ ባዶ ቦታው ብቻ በአዲስ ቃል ተሞልቶ። የእግዜር ቁጣ፣ ከዚያ የተፈጥሮ አደጋ፣ ከዚያ የአየር ንብረት ለውጥ። ሦስተኛው እውነት መሆኑ ነገሩን ያከፋዋል፤ ውሸትን ማፍረስ ይቀላል፣ ለመደበቂያ የዋለ እውነት ግን እጅህን ያስረዋል። ከተማ አስተዳደርን ስትጠይቅ የአሜሪካንን ጭስ ያሳዩሃል፣ አሜሪካንን ስትጠይቅ የከተማ አስተዳደርህን ያሳዩሃል። አንዱን የሚከስ ዓረፍተ ነገር ሌላውን ነፃ የሚያወጣ መስሎ ተሠርቷል።

አሁን ወደ ባነሩ። መንግሥት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስትራቴጂ በአማርኛ “ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ” ይባላል። ሰነዱን አልንቅም፤ በ2030 እ.ኤ.አ. 400 ሚሊዮን ቶን ሊደርስ የሚችለውን የአገሪቱን ልቀት 150 ሚሊዮን ላይ እንገድበዋለን ብሎ በቁጥር የተናገረ፣ ለዘመኑ ደፋር ሰነድ ነው። ትርጉሙ ላይ ግን ቆሜ ቀረሁ። እንግሊዝኛው “ረዚሊየንት” ነው። በኛ ሙያ ይህ ቃል የታወቀ ፍቺ አለው፤ የማይወድቅ ሲስተም ማለት አይደለም፣ ሁሉም ይወድቃልና። ሲወድቅ ጥቂቱ ብቻ የሚወድቅ፣ ቶሎ የሚነሳ፣ ሲነሳ ዳታ ያልጠፋበት ማለት ነው። “የማይበገር” ግን የፉከራ ቃል ነው። ጀግና ነው የማይበገረው። የማይበገር ሰው የመውደቂያ ፍራሽ አያዘጋጅም፤ መውደቁን ማሰቡ ራሱ ነውር ነው። አንድ የተሳሳተ ቅጽል የአገርን ፖሊሲ አበላሸ አልልም፤ ያ ማጋነን ይሆናል። ግን ከተማዬን ሳይ የማይበገር የሚመስለው ነገር ተሠርቷል፤ ሰው ሌሊት የሚቀሰቅሰው ነገር ግን ሁልጊዜ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ነው።

የማይበገረው የደቻቱ ግንብ ነው። ከጎርፉ በኋላ በወንዙ ዳርና ዳር የቆመው መከላከያ ሰው አድኗል፣ ያድናልም፤ ቆሜ አመሰግነዋለሁ። ግን ግንብ ሲሚንቶ ነው፤ ድሬዳዋ ደግሞ በአገሪቱ የመጀመሪያው ሲሚንቶ ፋብሪካ በጣሊያን ዘመን የተተከለባት ከተማ ናት። ሲሚንቶ ለመሥራት የኖራ ድንጋይ ይቃጠላል፤ ከሚወጣው ካርቦን ከግማሽ የሚበልጠው ከነዳጁ ሳይሆን ከድንጋዩ ከራሱ ነው፣ ስለዚህ ምድጃውን በፀሐይ ብታነዱት እንኳ አይቀርም። በዓለም ላይ ከሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 8 በመቶ ገደማው የሲሚንቶ ነው። አየሩን የሚያሞቀው ነገር፣ የሞቀው አየር ከሚያወርደው ውሃ ይጠብቀናል። ይህን የምለው ግንቡ ይፍረስ ለማለት አይደለም፤ አቦ የማን ቤት ይወሰድ? እንዲህ ያለ ነገር ባነር ላይ ስለማይገባ ነው። ደራሲ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

“አረንጓዴ አሻራ” ሌላው ነው፤ ስሙ ግን ጎበዝ ነው። ከነዚህ ሁሉ ቃላት አድራጊ ያለው እሱ ብቻ ነው፤ አሻራ የሰው ጣት ነውና። ያው ቃል የካርቦን አሻራ ስንልም ይመጣል፣ ፖሊስ ጣቢያም ያገለግላል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን 353 ሚሊዮን ችግኝ ተተከለ ተብሎ ታወጀ። ቁጥሩን እዚህ አልከራከረውም። የሚያሳስበኝ የሚቆጠረው “ተከልን” መሆኑ ነው፤ “ጸደቀ” የሚለው ግስ በዜናው ውስጥ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። ኮድ ጻፍኩ ማለትና ኮዱ ይሠራል ማለት ልዩነቱን በደመወዜ ነው የተማርኩት። ደንገጎ ላይ የጸደቀ አንድ ዛፍ ለደቻቱ ዳር ነዋሪ ከብዙ የተተከለ ይሻለዋል።

በጎን ልበል፦ ስማቸው አረንጓዴ ሳይሆን ሥራቸው አረንጓዴ የሆኑ ነገሮችም አሉ። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ሲከለከል በግልጽ የተነገረው ምክንያት ለነዳጅ የሚወጣው ዶላር ነበር። ማንም ስለ ዋልታ በረዶ አላለቀሰም። ድሬ የባጃጅ ከተማ ናት፤ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ሳይ ደስ የሚለኝ ዝም ብሎ ስለሚሄድም ጭምር ነው።

ያንን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እኔ ብጽፈው ምን ይመስላል ብዬ ሞከርኩ፦ “ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት፣ ደጋው ላይ የዘነበውን፣ እኛ ለማገዶና ለከሰል ያራቆትነው ተራራ ሊይዘው ያልቻለውን ውሃ ደቻቱ በሚታወቀው መንገዱ ይዞት ወረደ፤ በዚያ መንገድ ላይ ከተማዋ ሌላ ቦታ ያልሰጠቻቸው ሰዎች ተኝተው ነበር፤ ሊቀሰቅሳቸው የተመደበ ሰው አልነበረም፤ ከ250 የሚበልጡትን ገደላቸው።” ይረዝማል። ለዜና አንባቢ ትንፋሽ አይበቃም። የአየሩን መሞቅ በዚያች ሌሊት ላይ አላስገባሁትም፤ ድርሻው ያለ ስሌት አይጻፍምና። ለሚቀጥለው ጎርፍ ግን ዓረፍተ ነገሩ ከፊት ሌላ አንድ ሐረግ ያስፈልገዋል፣ አስደራጊ ያለው ሐረግ፤ ስሌቱንም የሚሠሩ ሰዎች አሉ።

በ2027 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ፣ 32ኛው፣ አዲስ አበባ ይካሄዳል። መንገዱ በባነር ይሞላል፤ ባነሩ በአማርኛም ይጻፋል። በ2022 እ.ኤ.አ. ሻርም ኤል ሼክ ላይ የተስማሙበት የኪሳራና ጉዳት ፈንድም እዚያ መነሳቱ አይቀርም፤ ስሙ በአማርኛ ሲነበብ “ኪሳራና ጉዳት” ነው፣ ማን እንዳከሰረና ማን እንደጎዳ የሌለበት። ተርጓሚዎቹ ገና ሥራ አልጀመሩ ይሆናል። “ረዚሊየንት” ሲደርሳቸው ምን እንደሚሉት ለማየት ባቡር ይዤ እወጣለሁ።